ከበሮ የማይመታበት ጾም

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም በየማለዳው የኪዳን ጸሎት እንዳለቀ ወደ ደብሩ ዕቃ ቤት ይሄዱና ትልቁን ከበሮ ከተሰቀለበት አውርደው ፀሐይ ቀድሞ ወደሚደርስበት የድንጋይ ደረጃ ያወጡታል። ሌሊቱን እርጥበት የጠጣ ቆዳ ይላላል፤ የላላ ቆዳ ደግሞ የመታውን ሰው ያሳፍራል። የመሐል ጣታቸውን አጥፈው በአንጓው ሰፊውን አፍ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ወደ ጠባቡ አፍ ያልፋሉ። ድምፁ ካልጣማቸው እንደገና ለፀሐይ ይተዉታል። ይህ ሥራ በዓመት ውስጥ የሚቋረጠው በዐቢይ ጾም ብቻ ነው። በዚያ ጾም ከበሮም ጸናጽልም አይነካም፤ ዜማው በሰው ድምፅና በመቋሚያ ብቻ ይቆማል።

ጎንደር ውስጥ አቋቋም ያስተምራሉ። አቋቋም ማለት ማኅሌቱን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ እንዴት እንደሚቆሙት የሚያሳይ ትምህርት ነው። እንፍራንዝ አጠገብ ካለ የገበሬ ቤት በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ወጥተው ለዚሁ ትምህርት ጎንደር ገቡ፤ አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከተማዋን ለቀው አያውቁም። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ ስለ ጆሯቸውም ብዙ ያወራሉ። አርባ ሰው በአንድነት ሲያዜም የሳተውን አንዱን ነጥለው ይሰማሉ። ዞር እንኳ ሳይሉ «ከግንቡ ሥር ያለኸው፣ ቸኮልህ» ይላሉ፤ ከግንቡ ሥር ያለውም አንገቱን ይደፋል።

የገዛ ልጃቸው እንደማትሰማ ዓመት ሊሞላት አንድ ወር እስኪቀራት ድረስ ያላወቁት እኒሁ ሰው ናቸው።

ልጅቱ ምስጢር ትባላለች። መሪጌታና ባለቤታቸው ስንዱ ተጋብተው ስምንት ዓመት ልጅ ሳያገኙ ከቆዩ በኋላ በሚያዝያ ወር ተወለደች። የሚኖሩት ከደብሩ በታች ባለው ቁልቁለት፣ በጣሊያን ጊዜ በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው። የቤቱ ወለል ጣውላ ነው፤ ሰው ሲራመድበት ይንቋቋል፤ ከታች ባዶ ስለሆነ ትንሽ ኮቴ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።

ምስጢር በሦስት ወሯ እንደ ማንኛውም ሕፃን «አጉ» ማለት ጀመረች። ስንዱ ጡት ስታጠባት ልጅቱ ከአፏ ጥግ ወተት እያፈሰሰች ታወራ ነበር። በአምስት ወሯ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ወደፊት አልሄደም። ሌሎች ልጆች «ባባባ»፣ «ማማማ» ማለት በሚጀምሩበት ወር እሷ እየቀነሰች መጣች። በሰባት ወሯ ከለቅሶና ከሳቅ ሌላ የምታሰማው ድምፅ ጥቂት ነበር። ስንዱ መጀመሪያ ጥርስ ሊወጣላት ነው አለች። ቀጥላ ልጅቱ ጨዋ ናት አለች። ከዚያም ስለዚህ ነገር መናገር ተወች።

መሪጌታ ግን አንድም ቀን አልተጠራጠሩም። ምክንያቱም ከበሮ ነበር። የበዓል ዋዜማ ሲቃረብ ከተማሪዎቻቸው ሁለት ሦስቱን ወደ ቤት ጠርተው ያስጠኑ ነበር፤ የቤቱን ትንሽ ከበሮ ጣውላው ላይ አስቀምጠው ሲመቱ ምስጢር የያዘችውን ሁሉ ትጥላለች። እጆቿን ታራግባለች፤ በቂጧ ትዘላለች፤ ምቱ ሲፋጠን እሷም ትፈጥናለች፤ ሲቆም ትቆማለች። መሪጌታ ይህን ያላሳዩት ሰው የለም። ቄሱ ሲመጡ አሳዩ፤ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ የመጣው ሰው እንኳ ሳያይ አልሄደም። ማኅሌት በደሟ ነው፣ ወንድ ብትሆን ወንበሬን እሰጣት ነበር ይሉ ነበር።

በየካቲት ማብቂያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ከበሮውም ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ምስጢር ጸጥ አለች። ቤት ውስጥ የጾሙ ዜማ ሲዜም ቀና ብላ አላየችም። መሪጌታ ከበሮው ናፍቋት ነው አሉ፤ ይህንንም ደስ ብሏቸው ነው የተናገሩት።

በመጋቢት የስንዱ ታላቅ እህት እታገኘሁ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። ክርስትና ከተነሣች ወዲህ ልጅቱን አላየቻትም፤ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበርና በተከፈተ በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ያዘች። እታገኘሁ ባሏ የሞተባት፣ ስድስት ልጅ ወልዳ የወንድሟን ሁለት የጨመረች፣ በገበያ ምስርና ገብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ዘመድ ሁሉ «እታ» ይላታል። ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር የመጣችው፤ የገበያ መደቧን ለልጇ ለዓለምነው አደራ ሰጥታ።

በመጣች በሁለተኛው ቀን ከምድጃው አጠገብ የድስት ክዳን ከእጇ አመለጣት። ክዳኑ ከሲሚንቶው ደፍ ላይ ወድቆ እየተሽከረከረ ጮኸ። ድመቷ ከመስኮቱ ዘለለች። ጀርባዋን ሰጥታ አልጋ ላይ የተቀመጠችው ምስጢር ግን የያዘችውን ጨርቅ መጎተቷን አላቆመችም።

እታገኘሁ ያን ቀንና በማግስቱ ልጅቱን ስትከታተል ዋለች። ፊቷን እያሳየች ስትጠራት ምስጢር ትስቃለች። ከኋላ ስትጠራት ምንም የለም። በወለሉ ላይ ተራምዳ ስትመጣ ገና ሳትደርስ ዞር ትላለች፤ አልጋው ላይ ስትሆን ግን ትከሻዋን እስክትነካት ድረስ መምጣቷን አታውቅም። እታገኘሁ ይህን አራት አምስት ጊዜ አየች። እሑድ ምሳ ቀርቦ መሪጌታ ማዕዱን ባርከው እንደተቀመጡ ጠየቀች።

«መሪጌታ፣ ይቺ ልጅ ትሰማለች?»

መሪጌታ ሳቁ። ስለ ከበሮው ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት፤ እጇን እንዴት እንደምታራግብ ራሳቸው እያራገቡ አሳዩዋት። እታገኘሁ እስኪጨርሱ ጠበቀችና ከበሮውን አውርደው እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። ጾም ነው አሉ። እንግዲያው ያለ ከበሮ ያሳዩኝ አለች። ይህን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲማሩና ሲያስተምሩ የኖሩት የጆሮ ሥራ መሆኑን አስታወሷት፤ ምስር የምትሰፍር ሴት ስለ ጆሮ ልታስተምራቸው እንደማይገባም ጨመሩ።

እታገኘሁ አልተቆጣችም። «ምስርም ሲሰፈር ይሰማል፣ መሪጌታ» አለች። «ጠጠር ያለበት ድምፁ ሌላ ነው። እኔ ጠጠር ሰምቻለሁ።»

መሪጌታ ያን ምሳ ሳይጨርሱ ተነሡ። በማግስቱ ከትምህርት በኋላ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አስከትለው ወደ ቤት መጡ። ድምፃቸው የሚጎላውን መርጠው ነበር። ምስጢርን ጣውላው ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርገው አስቀመጧት፤ የእንጨት ማንኪያና የቆርቆሮ ኩባያ ሰጧት። ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በጣታቸው እየተራመዱ ከኋላዋ ተሰለፉ። እታገኘሁ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ ስንዱ ከእሷ ኋላ። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

አሥራ ሁለት ሰው በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በሙሉ ድምፁ ሲያዜም የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጣል። ከጎረቤት የምትኖረው፣ በደብሩ በር ጧፍ የምትሸጠው የዓለምወርቅ ማን ሞተ ብላ ወጣች። ምስጢር ማንኪያውን ኩባያው ውስጥ ከተተች። አወጣችው። መልሳ ከተተችው። መሪጌታ ተማሪዎቹን በእጃቸው ወደ ፊት ጠሯቸው፤ ክንድ እስኪቀራቸው ድረስ ቀረቧት። ማንኪያው ይገባል፣ ይወጣል።

በዜማው መጨረሻ ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ እንደ ልማዱ በመቋሚያው ወለሉን መታ አደረገ። ምስጢር ማንኪያዋን ጣለች። ወደ ኋላዋ ዞር አላለችም፤ ወደ ታች፣ ወደ ጣውላው ነው ያየችው። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ወለሉ ላይ አኖረችና ፈገግ አለች።

መሪጌታ ዜማውን በእጃቸው አስቆሙ። ተማሪዎቹን ሂዱ አሏቸው። ሁሉም ከወጣ በኋላ ልጃቸው አጠገብ በጉልበታቸው ተቀምጠው ጣውላውን በአንጓቸው መቱት። ሳቀች። እንደገና መቱት። ሁለት እጇን አራገበች። ያን ያህል ወር ሰውን ሁሉ እየጠሩ ያሳዩት ነገር ይኸው ነበር፤ ልጅቱ ከበሮውን በቂጧና በእግሯ ነበር የምትቀበለው።

ስንዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ከጥምቀት በፊት ነው ያወቅሁት። ደስታዎን ማን ይነካል ብዬ ዝም አልሁ።»

መሪጌታ ወለሉን እንደገና መቱ፤ ልጅቱ ስትስቅ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ምስጢር ትናገራለች ወይስ አትናገርም? ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። የዓለምወርቅ ነገሩን ከሰማች በኋላ መጥታ የልጅቱ ምላስ ታስሮ እንደሆነ፣ ምላስ ሥርና እንጥል የሚቆርጡ አንድ ሰው እንደምታውቅ፣ የእህቷን ልጅም በዚያ ዓይነት እንዳዳኑት ተናገረች። ክፋት አልነበረባትም፤ ልትሸኛቸው እንኳ ተዘጋጅታ ነበር። መሪጌታ ደግሞ በዚያ ሳምንት ማንም «ና» ቢላቸው የሚሄዱ ሰው ሆነው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ከተነሡ በኋላ በር ላይ የቆመችባቸው እታገኘሁ ናት።

«ምላሷን ተዉላት» አለች። «ምላሷ ምን አጠፋ? ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይናገር? ሰው የሚፈለገው ለጆሮዋ ነው።»

ሐኪም ምን ያውቃል ብላ የዓለምወርቅ ተከራከረች። እታገኘሁ ሐኪሙ ካላወቀ ምላሷ የትም አይሄድም፣ በኋላ ይቆረጣል፤ ዛሬ ከተቆረጠ ግን የሚመልሰው የለም አለቻት። መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡ። በመጨረሻ ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ለሰባት ቀን ጠበል፣ በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል። ጠበሉን መሪጌታ ወሰዷት። የሆስፒታሉን ወረፋ እታገኘሁ ያዘች፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ጋቢ ለብሳ ተሰልፋ፣ ከፊቷ ካለውና ከኋላዋ ካለው ሰው ጋር ተዛምዳ ጠበቀቻቸው።

የጆሮ ሐኪሞቹ ከሌላ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጡ ነበሩ፤ አንዱ ጉዟቸው ከትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተወስኖ ነበርና ወር ያህል ጠበቁ። ምስጢርን እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ግንባሯ ላይና ከጆሮዋ ኋላ ትንንሽ ክብ ነገር ለጠፉ፤ ድምፅ በጆሮዋ እየላኩ ኮምፒዩተር ላይ መስመር ሲወጣና ሲወርድ አዩ። ሐኪሙ ያለውን ነገር ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሁለቱም ጆሮዋ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ጨርሶ አልተዘጋም። በጣም ከባድ ድምፅ ይገባታል፤ የሰው ንግግር አይደርሳትም። የመስሚያ መሣሪያ ቢደረግላትና ቶሎ ቢጀመር የመናገር ተስፋ አላት፤ ባይሆንላትም በእጅ ምልክት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ዋናው ነገር ጊዜ አታባክኑ አለ። መሪጌታ በእኔ ጥፋት የባከነ ጊዜ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ በሦስት ዓመታቸው፣ በአምስት ዓመታቸው የሚመጡ ልጆች እንዳሉ ነገራቸው፤ ዓመት ሳይሞላት ማን እንደነቃባት ማወቅ ፈለገ። ሁሉም ወደ እታገኘሁ ዞሩ። እሷ የልጅቱን ጫማ ክር ታስር ነበር።

መሣሪያው ከሐኪሞቹ ማኅበር በስጦታ በሰኔ ወር መጣ። ያስገባላትና ያሠለጠናቸው ሰብለ ወንጌል የምትባል ነርስ ናት፤ ለዚሁ ሥራ የተማረች፣ ድምፀ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ወጣት። አስቀድማ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር በልጅቱ ጆሮ ውስጥ ጨምራ ቅርጹን ወስዳ ነበር። መሣሪያውን ስትከፍተው ምስጢር ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሄደ። ስንዱ «ምስጢርዬ» አለች። ልጅቱ የእናቷን አፍ አየች፤ ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች፤ የራሷን ለቅሶ ስትሰማ ደግሞ ደንግጣ አቆመች።

የመጀመሪያው ወር ጭንቅ ነበር። መሣሪያውን እየነቀለች ትጥላለች፤ አንድ ቀን ሽሮ ውስጥ ሊገባ ሲል ደረሱበት፤ ሌላ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ተፈልጎ ከአልጋው ሥር ተገኘ። እታገኘሁ ከአሮጌ ነጠላ ለስላሳ ቆብ ሰፋችላት፤ አገጯ ሥር የሚታሰር፣ በጆሮዎቿ በኩል ደግሞ ድምፅ የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ያለው። ከዚያ ወዲያ መንቀሉ ቀረ። ከበሮውም ከቤት ወጣ። መሪጌታ አንድ ቀን በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ምስጢር እየጮኸች እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ያን ዕለት አንሥተው ወደ ደብሩ ዕቃ ቤት ወሰዱት፤ የማስጠናቱንም ሥራ በደብሩ ግቢ ወዳለው ዛፍ ጥላ አዛወሩ።

የማናገሩን ሥራ መሪጌታ ራሳቸው ያዙ። መምህር ናቸውና የሚያውቁት አንድ መንገድ ነው፤ መምህሩ ይሰጣል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ እስኪስተካከል ይደጋገማል። ልጅቱን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው «አባ በይ። አባ። አባ» ይሏታል። ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ። ምስጢር መጀመሪያ አፋቸውን ታይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አፋቸው ሲከፈት ፊቷን ማዞር ጀመረች። ጢማቸውን ካየች ትሸሻለች። ስንዱ ይህን ስታይ ወደ ጓዳ እየገባች ታለቅስ ነበር። መሪጌታም ብርታታቸው ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ጆሮው ቢከፈትም አፉ አይከፈት ይሆናል ብለው ለእታገኘሁ ነገሯት።

ሐምሌ ላይ ለቀጠሮ ሲሄዱ ሰብለ ወንጌል በቤት እንደሚያደርጉት አድርገው እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። አሳዩ። ነርሷ ጥቂት አየችና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። አባቷ ዲያቆን ስለነበሩ በማኅሌት ጊዜ የሚመራና የሚቀበል እንዳለ ታውቃለች።

«የኔታ፣ አርባ ዓመት መርተዋል» አለች። «እዚህ እሷ ትምራ፤ እርስዎ ይቀበሉ።»

ዝርዝሩን ነገረቻቸው። በይ አይበሏት። ከጎኗ ይቀመጡ፤ የምታየውን ይዩ፤ ስለሱ ያውሩላት፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ምንም ዓይነት ድምፅ ብታወጣ፣ ማስነጠስም ቢሆን፣ ያንኑ ይመልሱላት። መሪጌታ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቁም። እንዲህ ከሆነ ይገባኛል አሉ።

በማግስቱ ጣውላው ላይ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና ጠበቁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ምስጢር የቆርቆሮ ኩባያዋ ሲወድቅ ድምፁን ሰምታ «እም» አለች። መሪጌታ በዚያው ልክ፣ በዚያው ርዝመት፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ እንዳደረገችው ከፍ አድርገው «እም» አሉ። ልጅቱ ኩባያውን ትታ አየቻቸው። «እም» አለች። «እም» አሉ። እሷ አስረዘመችው፤ እሳቸውም አስረዘሙት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ዛፉ ሥር ተሰብስበው መምህራቸውን ቢጠብቁ አጧቸው።

በፍልሰታ «ባባባ» መጣ፤ ዘጠኝ ወር ያህል ዘግይቶ፣ ግን መጣ። ቀጥሎ «ደደ» እና «ማማ» መጡ። መሪጌታ አንዱንም አላሳለፉም። ልጅቱ ስትጋደም ይጋደማሉ፤ ከአልጋ ሥር ስትገባ ጋቢያቸውን ይዘው ይከተሏታል። አንድ ቀን የዓለምወርቅ እሳት ልትጫር ብቅ ስትል መሪጌታን በሆዳቸው ተኝተው «ባባ ደባ» ሲሉ አገኘቻቸው።

«አያ መሪጌታ» አለች፣ «ይህስ ለየትኛው በዓል ነው የሚቆመው?»

ቀና ሳይሉ ገና አልተወሰነም፣ መሪዋን ጠይቂያት አሏት። የዓለምወርቅ እየሳቀች ሄደች። ከዚያ በኋላ ግን በበሩ ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ ምስጢርን ሸጋ አድርጋ ስሟን እየጠራች ማናገር ጀመረች።

በጥቅምት መጨረሻ እታገኘሁ ወደ አገሯ ልትመለስ ተነሣች። ለሁለት ሳምንት መጥታ ሰባት ወር ቆይታለች፤ በመሐሉ ለጥቂት ቀን ሁለቴ ብቻ ደርሳ መጥታለች። አሁን ግን ገብሱ ደርሷል፤ ዓለምነውም ብቻውን አይችለውም። በምትሄድበት ዋዜማ መሪጌታ ደጅ ላይ ከምስር ጠጠር ስትለቅም አገኟትና ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የመጡበትን ነገር ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው። ስለ ገብሱ ጠየቁ፤ ስለ መንገዱ ጠየቁ። በመጨረሻ የክርስትና ስምሽ ማን ነው አሏት።

እታገኘሁ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ምነው፣ ሞቼ ፍትሐት ሊያደርሱልኝ ነው?»

«በሕይወትሽ ነው የምፈልገው» አሉ መሪጌታ። «ኪዳን ላይ ስምሽን ልጠራው ነው። የቤተ ሰቤን ስም ስጠራ አንቺን እስከ ዛሬ አልጠራሁሽም። በዚያ እሑድ የተናገርሁሽንም አልረሳሁትም።»

ወለተ ጊዮርጊስ እንደሆነች ነገረቻቸው። ለእሑዱ ደግሞ ሰፌዱን አንሥታ ከምስሩ ውስጥ አንድ ጠጠር ለቀመችና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሁለቱም ሳቁ። ከማግስቱ ጀምሮ መሪጌታ በኪዳን ጸሎት ከስንዱና ከምስጢር ስም ቀጥለው ወለተ ጊዮርጊስን ይጠራሉ፤ አንድም ቀን አልዘለሉትም።

እታገኘሁ በሄደች በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ነው። ስንዱ በጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። መሪጌታ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምስጢር ግድግዳ ይዛ እየተራመደች እታገኘሁ ትተኛበት ወደነበረው አልጋ ሄደች። አልጋው ተነጥፏል። ልብሱን ጎተተች፤ ከሥሩ አየች፤ ወደ በሩ አየች።

«እታ» አለች።

ከጓዳ የቢላዋው ድምፅ ቆመ። መሪጌታ አልተነሡም፤ ጠበቁ። ምስጢር ዞራ አየቻቸውና እንደገና፣ አሁን በጥያቄ፣ መጨረሻውን ወደ ላይ አንሥታ «እታ?» አለች።

«እታ» ብለው ተቀበሏት።

ስንዱ ሽንኩርት የያዘ እጇን ዘርግታ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው ብላ ሳቀች። መጀመሪያ «አባ» ሳትል «እታ» በማለቷ መሪጌታ ቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሰምታ የጠራችው የመጀመሪያ ስም ነው፣ ከእታ ሌላ ለማን ይገባል ብለሽ ነው አሏት። ስልኩን አነሡ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ መረቡ ደካማ ነው፤ በአራተኛው ሙከራ ተገኘች። ገበያ መሐል ነበረች፤ አህያ ይሰማል፣ ሰው ይሰማል። መሪጌታ ስልኩን ወደ ልጅቱ አፍ አስጠጉ። ምስጢር ስልኩን ላሰችው። ትንሽ ቆይታ «እታ» አለችበት።

በወዲያ በኩል የእታገኘሁ ድምፅ መጣ፤ ምስር እየሰፈርሁ ነው፣ ገበያተኛ ቆሞብኛል አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። መሪጌታም አልዘጉትም፤ በስልኩ ውስጥ ምስሩ ወደ ጆንያ ሲፈስ ይሰሙ ነበር።

አሁን ምስጢር ሰባት ቃል አላት። እኩዮቿ ከዚያ የሚበልጥ ይናገራሉ፤ ሰብለ ወንጌልም መንገዱ ገና ረጅም መሆኑን አልደበቀችም። «አባ» ሦስተኛው ቃል ነበር፤ ከ«እታ» እና ከ«ቧ» በኋላ፤ «ቧ» ውሃ ማለቷ ነው። መሪጌታ ቃሎቹን በመጡበት ቀን በትምህርት ደብተራቸው ጀርባ ጽፈዋቸዋል።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሰብለ ወንጌል ጋ ቀጠሮ አላቸው። የልጅቱ ጆሮ ስላደገ የመጀመሪያው ቅርጽ ጠቧታል፤ አዲስ ይወሰድላታል።